ለወንድማችን እግር ለደከማችሁ ሁሉ

የወንድማችን የቅልጥም አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ እንደወጣ ሁላችሁም ስለምታውቁ ዝርዝሩን አልደግመውም። ወንድማችን ዛሬ በክራንች ይሄዳል፤ እግሩም አልተቆረጠም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው በአዲስ አበባው አቤት ሆስፒታል ያገኘነውን ወጣት ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት እየሠለጠነ ያለ) ሐኪም ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። እኛ ኤክስሬዩን ይዘን «አጥንቱስ?» ስንል፣ እሱ ዓይኑን ከቁስሉ አልነቀለም። «አጥንቱ ይደርሳል፤ ሥጋው ግን ጊዜ አይሰጥም» አለን። ወንድማችን ድንገተኛ ክፍል እንደገባ አንቲባዮቲኩን በደም ሥር አስጀመረው፤ የቴታነስ መርፌም አስወጋው። ኦፕራሲዮን ክፍል ደግሞ ቁስሉን በ9 ሊትር ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አጥቦ አፈሩንና የጨርቁን ብጣሽ ለቀመ። የጡንቻውን ቀለም እያየ፣ ሲነካ ይኮማተር እንደሆነ፣ ሲቆረጥ ይደማ እንደሆነ እየፈተነ የሞተውን አወጣ፤ በሕይወት ላለው ሳሳለት። የሞተ ሥጋ ደም ስለማያገኝ መድኃኒቱ አይደርስበትም፣ ጀርሙ የሚራባው እዚያ ነው ብሎ ለእናታችን አጠገቧ ቁጭ ብሎ አስረዳት። እማዬ ስሙ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። እኔም ይህን ስጽፍ እንባዬ አላስጽፍ ብሎኛል።

አጥንቱን ከእግሩ ውጭ ሆኖ በቆዳው በኩል በሚገባ ብረት አስሮ ቁስሉን በክር ሳይሰፋ ሲተወው ደንግጠን ነበር። «ከ48 ሰዓት በኋላ ከፍተን እናያለን» አለ። ሲያይ የጠቆረ ሥጋ ተገኘ። ተሰፍቶ ቢሆን ውስጥ ውስጡን ያመረቅዝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች ከባቱ ጡንቻ አዙረው የተራቆተውን ቅልጥም አለበሱት፤ ከጭኑ በወሰዱት ስስ ቆዳም ሸፈኑት። እጃችሁ ይባረክ!

የሰፈራችን ወጌሻ አባታችን፣ እርስዎን እንዴት እረሳለሁ? «አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው፣ ሳይጎትቱ፣ ሳያሹ፣ ቅባት ሳይቀቡ፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፍነው በቀጥታ ወደ ሐኪም ላኩት። ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ብረቱ የገባበትን ቆዳ እንዴት እንደምናጸዳ ያሳያችሁን ነርሶች፣ ደም የሰጣችሁ፣ የእድራችን አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከዋሽንግተንና ከጅዳ ገንዘብ የላካችሁ ዘመዶች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ ልቤ ተሞልቶ ነውና አትቀየሙኝ።

አጥንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ገና ወራት ይቀሩታል። ልትጠይቁት የምትመጡ ጓደኞቹ፣ እባካችሁ ሲጋራ አታቀብሉት። የቁስሉንም የአጥንቱንም መዳን ያዘገያል ብሎ ሐኪሙ አጥብቆ ከልክሎታል።

ታላቅ እህቱ፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር