«ከነማ» ስንል ነዋሪው የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በከተማችን አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ የእግር ኳስ ክለባችን ኃላፊዎች የዓመቱን ሪፖርት ሲያቀርቡ፣ ቡድኑ ለገጠመው የገንዘብ ችግር ዋነኛው ምክንያት «ኅብረተሰቡ ክለቡን አለመደገፉ ነው» ብለው ተናገሩ። እጄን አውጥቼ ሰዓት አልቋል ስለተባልሁ፣ ያልመለስሁትን መልስ በጋዜጣችሁ በኩል ማቅረብ መረጥሁ። የክለቡንም የከተማዋንም ስም የማልጠቅሰው፣ ችግሩ በሰሜን ሸዋ ብቻ ሳይወሰን በታችኞቹ ሊጎች የሚወዳደሩ፣ «ከነማ» የሚል ስም የያዙ ብዙ የከተማ ክለቦች የሚጋሩት ስለሚመስለኝ ነው።

ሕዝቡ አይደግፍም የሚለውን ቃል መቀበል ያስቸግረኛል። ሜዳችን መቀመጫ የለውም፤ ተመልካቹ የሚቆመው በስተምሥራቅ በኩል ባለው የአፈር ቁልል ላይ ነው። የደጋው ብርድ በጋቢ ላይ ጋቢ በሚያስደርብበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርሱን እንኳ በወጉ ሳይቀምስ ወደዚያ ቁልል የሚወጣ ሽማግሌ በዓይኔ አይቻለሁ። ከገጠር ቀበሌዎች ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ ወጣቶችም ነበሩ። አሁን ያ ሁሉ ሰው ቀርቷል፤ የቀረበት አንዱ ምክንያት ግን ከእርሱ ፈቃድ ውጭ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መካሄድ ከጀመሩ ወዲህ የታችኞቹ ሊጎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ቡድናችን በሌላ ክልል ከተማ ለሳምንታት ሰፍሮ ሲጫወት እኛ ውጤቱን በስልክ እንሰማለን። በዓይኑ የማያየውን ቡድን ሕዝብ እንዴት ይደግፍ?

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከቤታችን የወጣ ነው፤ እኔንም ብዕር ያስጨበጠኝ እርሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቡድኑ ለማጣሪያ ጨዋታ ሲሄድ ለመኪና ኪራይና ለማደሪያ ገንዘብ እንድናዋጣ ተጠየቅን። እኔም ከአስተባባሪዎቹ ጋር ገበያውን ዞሬ ነበር። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው፣ በአራት የታጠፈች ሃምሳ ብር አውጥተው፣ «ልጆቹ በባዶ ሆድ አይሂዱብን» ብለው ሲሰጡኝ የተሰማኝን ስሜት እስካሁን አልረሳሁትም። የቆረጥንላቸው ደረሰኝ ማኅተም ያልተመታበት የደብተር ቅዳጅ ነበር። ቡድኑ ሄደ፣ ተጫወተ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደተረፈ በቃልም በጽሑፍም የነገረን ሰው የለም። በዚያ ገበያ ሳልፍ የእኒያን እናት ዓይን ላለማየት መንገድ የቀየርሁባቸው ቀናት ነበሩ። ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ አዋጡ ተብሎ ገበያተኛው ፊቱን ሲያዞር፣ ኃላፊዎቹ ሕዝቡ ክለቡን ጠላ ብለው ተረዱት። ሕዝቡ ግን የጠላው ክለቡን ሳይሆን ሒሳብ የማይነገርበትን መዋጮ ነው።

የተጫዋቾቹን ነገር በቅርብ የማውቀው በግቢዬ ባለች ሰርቪስ ቤት ሁለት ልጆች ተከራይተው ስለነበር ነው፤ አንደኛው ተመላላሽ፣ ሌላኛው አማካይ። ደመወዛቸው እስከ መጋቢት በደኅና መጣ፤ ከሚያዝያ ወዲያ ቆመ። ክለቡ የሚተዳደረው በከተማው አስተዳደር በጀት ብቻ ነው፤ በጀቱ ደግሞ ሐምሌ አንድ ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለተጫዋቾች ፊርማና ለጉዞ የወጣው ወጪ ገንዘቡን ቀድሞ ስለሚጨርሰው፣ ሊጉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብና ነጥቡ ሲወደድ ካዝናው ባዶ ይሆናል። ተጨማሪ በጀት ለምክር ቤት ይጠየቃል፤ መልሱ ሲዘገይ ልጆቹ በዱቤ ይበላሉ። አማካዩ የታኬታው ሶል ተገንጥሎ ሦስት ጊዜ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶታል፤ በመጨረሻ ሰፊው በማስቲሽ ብቻ እንደማይይዝ ነግሮት ዙሪያውን በወፍራም የናይሎን ክር ሰፋለት። ያን ጫማ አድርጎ ዘጠና ደቂቃ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። እኔ የቤት ኪራዩን ብተውለትም፣ እናቱ በየወሩ የምትጠብቀውን ገንዘብ ግን ማን ይተካለታል? እንዲህ ያለ ተጫዋች ለፌዴሬሽኑ አቤት ሲል ክለቡ ዕዳውን እስኪከፍል አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም ይታገዳል፤ የሚቀጥለውም ዓመት ገና ሳይጀመር ይበላሻል።

«ከነማ» የምንለው ስም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ስሙን በየማልያው ላይ ተሸክመን ማኅበሩን ግን ትተነዋል። ነዋሪው አባል አይደለም፤ ጠቅላላ ጉባኤ አይጠራም፤ የቦርድ አባል አይመርጥም፤ ሒሳብ አይሰማም። ድጋፉ የሚታወሰው ገንዘብ ሲያልቅ ብቻ ነው። የአገራችን አንጋፋ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው በሰፈር ወጣቶች እንጂ በመንግሥት በጀት አልነበረም። ከነማ የሚል ስም የያዘ ክለብ ትልቅ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችልም ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አይተናል፤ እኛም በዚህ በሸዋ ደጋ ሆነን አብረን ጨፍረናል።

ሕዝባችን የጋራ ነገር ማስተዳደር ያውቅበታል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ሰው በደጋው ላይ የሚበቅለውን የጓሳን ሣር ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ፣ ሲያስፈልግ ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ እስከ ዛሬ አቆይቶታል። በየሰፈሩ ያለው ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የገባውና የወጣው በአባላት ፊት ይነበባል፤ ስለ አንድ የጎደለ ብርጭቆ ሳይቀር ጥያቄ ይነሳል። ዕድሩን በዚህ ጥንቃቄ የሚመራ ሕዝብ ክለቡን መምራት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ክለቡ ነዋሪውን በመተዳደሪያ ደንብ አባል እንዲያደርግ ነው። በወር 50 ብር የሚከፍል ሁለት ሺህ አባል ቢገኝ በዓመት 1,200,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የክለቡን ወጪ አይችልም፤ የአስተዳደሩም ድጋፍ መቅረት የለበትም። ነገር ግን በተለየ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ላሉት ክፉ ወራት ብቻ ቢውል፣ ቢያንስ ልጆቹ ከዱቤ ቤት ይወጣሉ። ኑሮ ተወዷል፣ ሕዝቡ ከየት ያመጣል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ለብዙ ቤተሰብ 50 ብር ቀላል አይደለም። ላልቻለ በዓመት አንድ ቀን ሜዳ በማስተካከል የሚከፈል መዋጮ ሊደነገግለት ይችላል፤ አባልነቱና ድምፁ ግን እኩል ይሁን። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ድምፅ ነው፤ ድምፅ ያለው ነዋሪ ከሩቅ ለሚመጣ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ ሲከፈል ከታዳጊ ፕሮጀክታችን ያደጉት ልጆች ለምን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳ እንዳልታዩ መጠየቅ ይችላል። የሜዳችን ደረጃ ምን ቢሟላለት ጨዋታ ወደ ቤታችን እንደሚመለስም በዚያው ጉባኤ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መቅደም አለበት። የዚያ የማጣሪያ ጉዞ ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በሜዳው በርና በገበያው መግቢያ ይለጠፍ። ገንዘቡ በአግባቡ ወጥቶ ከሆነ ለኃላፊዎቹም ክብር ነው፤ ጎድሎም ከሆነ ጉድለቱ ይነገር። ያ ወረቀት በተለጠፈ ማግስት የአባልነት መዝገብ ይዤ ገበያውን እንደገና ለመዞር፣ መጀመሪያም እኒያ እናት ጉልት ዘንድ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክለቡ ደጋፊ፣ ከሰሜን ሸዋ