ጭኑ የተሰበረ ሰው 72 ሰዓት ክትትል ይደረግለት

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

የጭን አጥንቱ ተሰብሮ የተኛ ወጣት የመጀመሪያውን ቀን ደህና ውሎ፣ በሁለተኛው ሌሊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስና መቃዠት ከጀመረ ፋት ኢምቦሊዝም ይጠርጠር። ከመቅኔው የወጣ የስብ ጠብታ በደም ሥር ሄዶ ሳንባን፣ አልፎም አንጎልን ይጎዳል። ምልክቱ በአብዛኛው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይመጣል።

በከተማችን ይህ ሕመም በቀላሉ ይሰወራል። ትኩሳትና መቃዠት ሲታይ ወባ ይባላል፤ ሽፍታና የፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ማነስ ሲጨመርበት ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ የምናውቀው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ ይባላል። ሁለቱም ይመርመሩ። የወባው ውጤት እስኪመጣ ግን የደሙ ኦክስጅን ሳይለካ አይቆይ። ይህን ሕመም ብቻውን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም፤ የመጀመሪያው የደረት ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሽፍታው ብዙዎች ላይ ጭራሹኑ አይወጣም። ጠይም ቆዳ ላይ ስለማይጎላ የታችኛው የዓይን ሽፋን ተገልጦ፣ ብብትና አንገትም በደህና ብርሃን ይታይ።

የምንጠይቀው አንድ ገጽ የክትትል ቅጽ ነው። ጭኑ፣ ቅልጥሙ ወይም ዳሌው የተሰበረ ሁሉ መጀመሪያ 24 ሰዓት በየ2 ሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 72 ሰዓት በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ኦክስጅኑ፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይመዝገብ፤ መቃዠቱ እንዲታወቅም ስሙንና ያለበትን ቦታ ይጠየቅ። ኦክስጅን ሳይሰጠው የደሙ ኦክስጅን ከ94 በመቶ ከወረደ ሐኪም ይጠራ። መለኪያው ሂና ያልነካው ጣት ላይ ይደረግ፤ ጠቆር ያለ ሂና ንባቡን ሊያዛባ ይችላል።

ሕክምናው ድጋፍ ነው። ከረጢት ባለው ጭንብል በደቂቃ 15 ሊትር ኦክስጅን እየተሰጠው የደሙ ኦክስጅን 90 በመቶ ያልደረሰ ታማሚ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ። ፈሳሽ የደም ግፊቱን እስኪይዝ ይሰጥ፤ ከልክ ሲያልፍ የተጎዳውን ሳንባ ያጥለቀልቃል።

መከላከሉ የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ያልታሰረ አጥንት በተነቃነቀ ቁጥር ስብ ይለቃል። ከደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ እግሩ ታጥፎ በባጃጅ የሚወርድ ሰው አደጋው ይብሳል። አምቡላንሶች የጭን ስፕሊንት (የተሰበረውን እንዳይነቃነቅ የሚይዝ ማሰሪያ) ይያዙ። ወጌሻዎቻችንም፣ ሕዝቡ ስለሚያምናቸው፣ በአክብሮት ይሠልጥኑ፦ ጭን አይታሽም፤ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት በጣውላ ታስሮ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ታማሚው ከተረጋጋ ስብራቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ይጠገን። ያልተረጋጋው ከቆዳ ውጭ በሚታሰር ብረት አጥንቱ ተይዞ ይቆይ፤ መቅኔ ውስጥ ብረት መስደዱ ራሱ ስብ ይገፋልና።

እያንዳንዱ የአጥንት ሕክምና ዋርድ ለሌሊት ተረኛ የራሱ ኦክስጅን መለኪያና ትርፍ ባትሪ ይኑረው።

ከሰላምታ ጋር
በአጥንትና በድንገተኛ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች