የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «መሀሉ የታል?»

ዘንድሮም የክበባት ዘገባ ይጻፍ ተባለ። አምና ለኛ ክበብ በዚህ መጽሔት የደረሰው አራት መስመር ነበር፤ ከሚኒ ሚዲያና ከቀይ መስቀል መሀል ተሸጉጦ። አልተቀየምኩም። የዘንድሮው ግን በአራት መስመር አያልቅም።

ቁጥሩን ቶሎ ብዬ ልለፈው። መስከረም መጨረሻ ላይ 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ረቡዕ ከ9፡30 በኋላና ቅዳሜ ጠዋት እንገናኝ ነበር። እስከ ሰኔ የዘለቁት 22 ሲሆኑ ከእነሱ ውስጥ 8ቱ ሴቶች ናቸው። ማን እንደጸና ከዚህ ማየት ይቻላል። ቃለ ጉባኤዎቹ ቢሮ አሉ፤ የፈለገ ያንብብ። እኔ ደግሜ አላነባቸውም።

የኮምፒውተር ላቡን ታውቁታላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው፣ ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ መምህሩ የማይሰማበት ክፍል ነው። የንብረት መዝገቡ 24 ዴስክቶፕ አለ ይላል። መስከረም ላይ ስንሞክራቸው የተነሱት 11 ነበሩ። ልጆቹ ከሞቱት ላይ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚያስታውስበትን ካርድ) እየነቀሉ፣ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪውን ሣጥን) እያቀያየሩ 14 አደረሷቸው። የራሙን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ጠርገው መልሰው ሲሰኩት ስክሪኑ ብልጭ ሲል የሚሰማውን ጩኸት አንድ ቀን መጥታችሁ ብትሰሙት ጥሩ ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረን የሰዓት ባትሪ ነው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ኮምፒውተር ቁጥር 6 ላይ ሁልጊዜ ይመጣ የነበረው ጃንዋሪ 1፣ 2017 ነው። ፈረንጆቹ ግን 2025 ገብተው ነበር። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብራውዘሩ ድረ ገጹን አላምነውም ብሎ አይከፍትም። ይህን ላስረዳ ጠመኔ ሳነሳ አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ልክ ነው እኮ! 2017 አይደለን እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መልስ አጣሁ። ባትሪዎቹን በመጨረሻ ከኪሴ ገዛኋቸው። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

የስታፍ ክፍል ውስጥ «የአይሲቲ ክበብ ማለት ጌም መጫወቻ ነው» የሚባል ነገር ይሰማል። ይጫወታሉ፤ አልክድም። ግን የሚጫወቱትን ጌም ራሳቸው ነው የሠሩት፤ የትዕዛዝ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም በሚሠሩበት በስክራች፣ ትዕዛዞቹን በአማርኛ አድርገው። ሌላም ነገር ላስታውስ። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ነገ ሁሉም በዚያ መንገድ ይፈተናል ብለን እንሰናዳ። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ቀን የሆነ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቅ ምን ዋጋ አለው? የኛ ሰፈር ልጆች ቤት ላፕቶፕ የለም። ያለው የእናት ስልክ ነው፤ እሱም ማታ ማታ ብቻ፣ ካርድ ካለው።

አሁን ልጽፈው ወደ ተነሳሁበት ነገር ልምጣ።

ጥር ላይ የሳይንስ ሙዚየምን ለመጎብኘት አውቶቡስ ጠይቀን ነበር። አውቶቡሱ ለኳስ ቡድኑ ወጣ። ኳስም ትምህርት ነው፤ ያኔ ምንም አላልኩም። ስለዚህ ጉብኝታችን በእግር፣ ወደ አንድ ተማሪያችን ቤት ሆነ፤ ከግቢያችን በር አስር ደቂቃ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። በኤክሴል የክፍል ሮስተር እንዲሠሩ አዝዤ እየዞርኩ ሳይ አንዱ ልጅ ውጤት አልሞላም። ሴሎቹን (ሣጥኖቹን) እያጠበበ ቀለም ይቀባል። ልቆጣው ተጠግቼ ዝም አልኩ። ጥለት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስቀል፣ ዙሪያውን ወርቃማ። የነጠላ ጥለት በኤክሴል! ስሙን አልጠራም፤ እንዳትጽፈኝ ብሎኛል። ጓደኞቹ ከዚያ ቀን ወዲህ «ኤክሴል» ነው የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው ልበለው።

ሽሮ ሜዳ መሆናችንን የሚረሳ አለ። ከክበቡ ልጆች ግማሽ ያህሉ የሸማኔ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ። ቅዳሜ የሚቀሩት ሰንፈው አይደለም። ለገበያ መድረስ ያለበት ነጠላ አለ። ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ ላቡ ባዶ ይሆናል፤ ማታ ሲሸምን ያመሸ ልጅ ደግሞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። «ኤክሴል»ም ከሚያንቀላፉት አንዱ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰነፍ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ሥራው ቀለል ሲል አሥራ ሁለት ሆነን ቤታቸው ሄድን። የራሴን ላፕቶፕ ይዣለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት የሽመና ዕቃ ተተክሎባት እኛ በር ላይ ተደራርበን ቆምን። አባቱ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ይሠራሉ። በጣታቸው ድሩን እየቆጠሩ ያነሱና ባለ ቀለሙን ክር በመሀሉ ያሾልካሉ። ከዚያ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ ጊዜም ወረቀት አላዩም። አንዷ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ስንት እንደሆነ የት ነው የሚጽፉት?» ስትላቸው ሳቁና ግንባራቸውን ነኩ።

ልጁ ላፕቶፑን ከፈተላቸው። እጁ ይንቀጠቀጣል። አባቱ መወርወሪያውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ልጁ እየሰፋ እየጠበበ ያሳያቸዋል። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ዘሟል» አሉ።

«ምኑ?»

«መስቀሉ ዘሟል። መሀሉ የታል?»

ልጁ መቁጠር ጀመረ። በስፋት 24 ሴል ነበር የሠራው። የመስቀሉ ጫፍ 12ኛው ላይ ቆሟል። በግራው 11፣ በቀኙ 12። ሁለት ወር ሙሉ እኔም፣ እሱም፣ ክበቡ በሙሉ ስናየው ከርመን ማንም ልብ አላለም። እሳቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ስህተቱን ያገኙት ግን ሻይ ፉት እስኪባል እንኳ ሳይቆዩ ነው። «ጥለት ሙሉ ቁጥር አይወድም፤ አንድ ድር መሀል ቆሞ ግራና ቀኙን ይጠብቃል» ብለው ለልጆቹ በጣታቸው አሳዩዋቸው። ሙሉ ያሉት ለሁለት እኩል የሚካፈለውን መሆኑን በኋላ ነው የገባኝ።

ልጁ በስተግራ አንድ ኮለም ጨመረ። 25። መስቀሉ ቀጥ አለ። አባቱ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉት፤ ልጁ አንገቱን ደፋ። ስንወጣ ምን እንዳሉት ጠየቅኩት። «‹ረቡዕ ረቡዕ እንዲህ ስታደርግ ነው የምታመሸው?› አለኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቀርቶ አያውቅም። በመጋቢት ያንኑ ጥለት በስክራች በሁለት የመደጋገሚያ ብሎክ ሣለው፤ አንዱ ረድፉን፣ ሌላው ዓምዱን ይሄዳል። ስለ መደጋገሚያ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደፈጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያልተሳካውንም ልናገር። ሐምሌ 2016 ይፋ በሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና 7 ልጆች ተመዝግበው ነበር። የጨረሱት 2 ናቸው፤ አንዱ ፕሮግራሚንግ፣ አንዷ ዳታ ትንተና። ሥልጠናው ነጻ ነው፤ ዳታው ግን ነጻ አይደለም። እንግሊዝኛውም ከበዳቸው። የአማርኛ ታይፕ ውድድራችን ደግሞ መብራት ጠፍቶ በመሀል ቀረ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስ የለንም፤ ሴቭ ያላደረገ ሁሉ ሥራውን አጣ። ያው አንድ ነገር ተምረዋል፤ አሁን በየሁለት ደቂቃው ሴቭ ያደርጋሉ።

በወላጆች ቀን ልጆቹ ለ17 እናቶች ቴሌብር አለማመዱ። አንዷ እናት ሚስጥር ቁጥሯን ፕላስተር ላይ ጽፋ ከስልኳ ጀርባ ለጥፋው ነበር። ችግሩ የተፈታው ልጇ ፕላስተሩን ልጦ ሲጥልላት ነው።

ለከርሞ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሁለት ዩፒኤስ፤ በፈተና ሳምንት እንኳ የማይቋረጥ ኢንተርኔት፤ ለስብሰባ ካልሆነ ከመጋዘን የማይወጣው ፕሮጀክተር ቢያንስ በወር አንድ ቅዳሜ። የላቡ ቁልፍም ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቶ ሁለተኛ ኮፒ ቢሠራለት። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ሐምሌ ላይ ሲሰበሰብ ይህን ገጽ ከፍቶ እንዲያየው በትህትና እጠይቃለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ብታነቡት፣ ቢሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ካያችሁ ራሙን እንኳ አስታውሱን።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ «ኤክሴል» በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። አባቱ ከትርፍ ድር የሸመኑት ነው፤ ክንድ የማይሞላ ጨርቅ፣ ጫፉ ላይ ያው መስቀል። ቆጠርኩት፤ 25 ነው። ምን ላድርገው ስለው፣ «አቧራ እንዳይገባበት» ብሎ ቁጥር 6 ላይ አለበሰው። የቀሩትን 13 አሁንም የምንሸፍነው በማዳበሪያ ጆንያ ነው።