ኮምቦልቻና ደሴ መካከል አንድ ሌሊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት በኔፓል ሂማላያ ስለ ላንግታንግ ሸለቆ የእግር ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቴ አነበብኩት። ጫማው፣ ቦርሳው፣ ካልሲው ሳይቀር ተዘርዝሯል። ደግ አደረጋችሁ። ሁለት ነገር ላይ ግን ስታችኋል። አንዱ ኪስ ይጎዳል፤ ሌላው ሰው።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ዱባይ ካለችው ታላቅ እህቴ ጋር፣ እታለም ነው የምላት፣ ኢንሻ አላህ በመጪው ጥቅምት የኔፓልን የላንግታንግ ሸለቆ በእግር ልንሄድ ነው። ሦስት ዓመት ቆጥበንለታል። እናታችን "ጦሳ እያለላችሁ ተራራ አጣችሁ?" ትላለች። መልስ የለንም።

መጀመሪያ ቪዛው። "ኤርፖርት ስትደርሱ ይመታላችኋል" ብላችኋል። ለብዙ አገር ሰው ልክ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ካትማንዱ ደርሰው ቪዛ ከማይሰጣቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው። አንድ የጉዞ ወኪልም እንደናንተው "ችግር የለውም" ብሎን ነበር። ቲኬት ልንቆርጥ አንድ ቀን ሲቀረን ነው እታለም ዝርዝሩን ያየችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ማታ ማታ በሚኒባስ ጠመዝማዛውን ስንወጣ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ ረዳቱ መልሴን ሳይሰጠኝ ደርሰናል። በቃ፣ 650 ሜትር ወጣሁ ማለት ነው። የተራራ ሐኪሞች ግን ሰውነት ስስ አየሩን ቀስ እያለ እንዲለምድ እንዲህ ይላሉ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድግ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው እረፍ። ስለዚህ እኔ መልስ እየጠበቅሁ የምወጣት ዳገት እዚያ ላይ መሀል መንገድ ማደር ትጠይቃለች።

መንገዱን በእኛ አገር ልክ ላስላው። የእግር ጉዞው የሚጀመርባት ስያብሩቤሲ 1,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከኮምቦልቻም ዝቅ ትላለች። የመጀመሪያው አዳር ላማ ሆቴል ነው፣ ስሟ ሆቴል ይሁን እንጂ ሰፈር ናት፤ ደሴ በሏት። እስከዚህ ሰላም ነው። ጉዱ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። እናንተ ያወጣችሁት ፕሮግራም ከላማ ሆቴል አስነስቶ በዚያው ቀን 3,430 ሜትር ላይ ላንግታንግ መንደር ያስገባል። ከ900 ሜትር በላይ! እኛ መሀል ላይ ጎዳ ታቤላ እናድራለን። 3,000 ሜትር አካባቢ ናት፤ ስሟ "የፈረስ ጋጣ" ማለት ነው። ከዚያ ላንግታንግ፣ ከዚያ 3,870 ሜትር ላይ ክያንጂን ጎምፓ፣ እዚያ ደግሞ ሁለት ሌሊት።

"እኛ ደገኞች ምን እንሆናለን" የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። ሰሜን ተራሮች የሄድኩ ጊዜ ከጎንደር በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ገባሁ፤ 3,600 ሜትር ነው። በማግስቱ ወደ ቧሂት ተራራ። አብረውኝ ያሉት የአዳማ ልጆች ስለነበሩ "የደሴ ልጅ" እያልኩ ፊት ፊት ሄድኩ። ግማሽ ላይ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ የበላሁትን ቂንጬ እዚያው መለስኩት። አጃቢያችን የፓርኩ ስካውት በአንድ ትከሻው ክላሹን፣ በሌላው ቦርሳዬን ይዞ ወደ ታች መራኝ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ፈገግታው ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ዝቅ ስንል ለቀቀኝ።

የዚህ የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው። ዳያሞክስ የሚባል ኪኒን አለ፣ ሐኪም ያማክሩበት። ሰውዬው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ለዚህ ነው ከጫማው በፊት የዓመት ፈቃዴን የቆጠርኩት። እናንተ ስድስት ቀን ያላችሁትን እኛ ዘጠኝ አድርገነዋል።

ስለ መንደሮቹም ብዙ አላላችሁም። ላንግታንግ መንደር ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ የናደው በረዶና ድንጋይ ቀብሯታል። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የተረፉት እንደገና ሠርተው ዛሬ እንግዳ ይቀበላሉ። አልጋው ርካሽ ነው፤ ገቢያቸው ከምግቡ ስለሆነ ያደሩበት ቤት ይበላል። እኔ በሶዬን ይዤ አልጋ ብቻ ልከራይ አስቤ ነበር። እታለም "ታሳፍረኛለህ!" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ለነገሩ በሶ እዚያም አለ፤ ጻምፓ ይሉታል፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ዋናው ምግባቸው ደግሞ ሩዝ በምስር ነው። እንደ እኔ ስጋው ሐላል ይሁን አይሁን እያለ ለሚጨነቅ መገላገል ነው።

ወቅቱን ጥቅምትና ህዳር ማለታችሁ ልክ ነው፤ ክረምታቸው ከኛው ጋር ነው፣ ጫካው በዝናብ ጊዜ አልቅት አለው። አስጎብኚ መያዝም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በመመሪያ ግዴታ ሆኗል። ጠባብ መንገድ ላይ የተጫነ በቅሎ ወይም ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ሲመጣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል መቆም ነው። ይሄን እንኳ ለወሎ ሰው አልነግርም።

እርማት የምታወጡ ከሆነ የቪዛውን ነገር በትልቁ ጻፉት። እታለም ገጹን ፎቶ አንስቼ እንድልክላት እየጠበቀች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ