ባሕረኛው አያታችን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ኮምቦልቻ ተወልደው፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ በጭነት መኪና ተሳፍረው የሄዱት፣ በ1956 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ከተራ መርከበኛነት ተነሥተው ለካፒቴንነት የበቁት አያታችን ባለፈው ወር አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ለተገኛችሁ፣ ድንኳን ጥላችሁ ላስተዛዘናችሁን የዕድር ጎረቤቶቻችን ምስጋናችን ከልብ ነው።

አባባ ቁጡ አልነበሩም፤ በገመድ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቁም። የእማማን መቀነት ተውሰው፣ ጭነት ሲከብደው የሚጠብቀውን፣ ሲፈለግ ግን በአንድ ስበት የሚፈታውን የመርከበኛ ቋጠሮ እጃችን እስኪለምደው ድረስ ያስደግሙን ነበር። በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኩል ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ኮንቴይነሮቹን ይመለከታሉ። አገራችን የባሕር በር ካጣች በኋላም መርከቦቻችን በጅቡቲ በኩል ሥራቸውን መቀጠላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚኮሩበት ነገር ነበር፤ ይህ ኩራታቸው ተገቢ እንደነበር እኔም አምናለሁ።

ከወሎ ደጋና ቆላ ወጥተው ባሕር ላይ ያረጁ ሌሎች አባቶች ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ ስላሉ፣ ጋዜጣችሁ በሕይወት እያሉ አነጋግሮ ታሪካቸውን እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የልጅ ልጃቸው፣ ከኮምቦልቻ