የመጥለቂያ አጣማጅ አመዳደብን በሚመለከት የቀረበ ቅሬታ

ለጅቡቲው የስኩባ ጉዞ አዘጋጅ አስጎብኚ ድርጅት
ለሥራ አስኪያጁ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ላልተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስና የአጣማጅ አመዳደባችሁ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ባለፈው ጥር ድርጅታችሁ ወደ ጅቡቲ ባዘጋጀው የስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ፣ ጉዞ ተሳትፌያለሁ። ሆቴሉ ንጹሕ፣ ጀልባው ደኅና፣ ምሳውም ጥሩ ነበር፤ በእነዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከጉዞው ዋጋ ውጪ ለብቻው ባስከፈላችሁኝ አገልግሎት ላይ ነው። «ለእርስዎ የሚስማማ የመጥለቂያ አጣማጅ እንመርጣለን» ብላችሁ ገንዘቡን ተቀበላችሁ፤ መምረጡን ግን አልመረጣችሁም።

ስኩባ የሚጠልቅ ሰው ጥንድ ሆኖ ነው የሚወርደው። አንዱ አየር ቢያልቅበት ከሌላው ሲሊንደር ጋር በተያያዘው ተጠባባቂ መተንፈሻ ይተነፍሳል። ስለዚህ አጣማጄ የጉዞ አጫዋቼ ሳይሆን ሁለተኛው የአየር ምንጬ ነው። ቅጻችሁ ይህ የገባው ሰው ያዘጋጀው ይመስላል፤ የምስክር ወረቀት ደረጃን፣ የአየር አጠቃቀምን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁበትን ቀን፣ ካሜራ መያዝ አለመያዝን ይጠይቃል። እኔም እስከ 30 ሜትር ለመውረድ የሚያስችል የምስክር ወረቀት እንዳለኝ፣ አየር በቁጠባ እንደምጠቀም፣ ፎቶግራፍ ከሚያነሣ ሰው ጋር መጣመር እንደማልፈልግ በግልጽ ሞልቻለሁ።

የመደባችሁልኝ ሰው ትሑትና ጨዋታ አዋቂ ወንድም ነው፤ ይህ ደብዳቤ እርሱን የሚከስ እንዳይመስላችሁ። የምስክር ወረቀቱ እስከ 18 ሜትር ብቻ የሚፈቅድ ነው። ከጠለቀ ብዙ ዓመት አልፎታል። በእጁ ደግሞ ባለ ሁለት መብራት ትልቅ ካሜራ ይዟል። ይህን ሁሉ በቅጹ ላይ በእውነት መሙላቱን ራሱ አሳይቶኛል። ታዲያ ያጣመራችሁን በምን መስፈርት ነው? አስተባባሪያችሁን ስጠይቀው «በቡድኑ ውስጥ አማርኛ የምትናገሩት ሁለታችሁ ብቻ ስለሆናችሁ ትግባባላችሁ ብለን ነው» አለኝ። ይህ እኮ የጾም ምግብ ላዘዘ ሰው ክትፎ አቅርቦ «ሁለቱም በእንጀራ ነው የሚበላው» እንደ ማለት ነው። ጀልባው ላይ በእርግጥ ተግባብተናል፤ ከቤት ኪራይ እስከ መንገድ ቁፋሮ ያላነሣነው ጉዳይ የለም። አፍ በመተንፈሻ በተያዘበት ስፍራ ግን የሚያነጋግረው የእጅ ምልክት ነው። እርሱ ባየው ዓሣ ተደስቶ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያቆም እኔ መውጣት ጀመርሁ፤ በጠላቂዎች ዘንድ ያ ምልክት «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነውና።

የአየሩ ነገር ደግሞ ከቅጹ ላይ በቀላሉ የሚሰላ ነበር። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል፤ 50 ባሩ ለመጠባበቂያ ሲቀር ለመጥለቂያው 1,800 ሊትር ይተርፋል። እኔ ከውኃው በላይ በደቂቃ 14 ሊትር ያህል እተነፍሳለሁ፤ እርሱ 24 ሊትር። 18 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው በላይ ካለው 2.8 እጥፍ ስለሚሆንና አየሩም በዚያው ልክ ቶሎ ስለሚያልቅ እኔን ወደ 45 ደቂቃ የሚያቆየኝ አየር ለእርሱ 27 ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይበቃውም። ጥንድ ደግሞ አብሮ ወርዶ አብሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ 25 ሜትር ተብሎ የተሸጠልኝ ጥልቀት 18 ሆነ፤ ጊዜዬም በእርሱ ሲሊንደር ተወሰነ።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው ይባል። ሙሻ ደሴት አጠገብ የሆነው ግን ከገንዘብ በላይ ነው። በዚያ ወቅት የዓሣ ነባሪ ሻርኮችን ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚስቡት ጥቃቅን የባሕር ሕያዋን ውኃውን ያደፈርሱታል፤ ከጥቂት ሜትር በላይ አይታይም ነበር። አጣማጄ አንድ ዓሣ ፎቶ ለማንሣት ዐለት ሥር ቆመ። ውኃ ውስጥ የሚመራን አስጎብኚ ሌሎቹን ይዞ ቀድሟል። ሁለቱን መከተል ስለማይቻል ከአጣማጄ ጋር ቀረሁ፤ ዞር ብዬ የግፊት መለኪያዬን አንብቤ ስመለስ ግን እርሱ በቦታው አልነበረም። ሕጉ አንድ ደቂቃ ያህል ፈልገህ ካጣህ ቀስ ብለህ ውጣ ይላል፤ እንደዚያው አደረግሁ። ላይ ስደርስ የለም። እየጠበቅሁ ያሰብሁትን እዚህ አልጽፍም። በመጨረሻ ብቅ ሲል መለኪያው 30 ባር ያሳይ ነበር፤ እኔን መፈለግም ሆነ መውጣት እንዳለበት ማንም ከመውረዳችን በፊት አላስታወሰውም። ከመጥለቅ በፊት ጥንዶች የሚነጋገሩበት ገለጻ በእኛ ጀልባ አልተካሄደም፤ አንዱ የሌላውን ማሰሪያና መተንፈሻ እንዲፈትሽም አልተደረገም። አስተባባሪያችሁ የሰጠኝ መልስ «ሁለታችሁም በሰላም ወጥታችኋል፤ ችግሩ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

አጣማጅ እንዲቀየርልኝ ስጠይቅ የማግስቱን የጠዋት መርሐ ግብር ወደ ከሰዓት በኋላ ገፋችሁት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከባሕር ወጥቼ በማግስቱ ጠዋት በ2 ሰዓት እንድበር ማለት ነው። ተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ ከመብረር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት እንደሚመከር ይህን ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት አያጣውም። መድረሻችን አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በባቡር ብንመለስ እንኳ ሽቅብ ነው። ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሊጎዳኝ የሚችለውን፣ ከመጥለቅ በኋላ በደሜ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን ይዤ ለመውጣት ስላልፈቀድሁ ያንን መጥለቂያ ትቼዋለሁ። በሒሳባችሁ ግን «ደንበኛዋ በራሷ ፈቃድ የተወችው» ተብሎ ተመዝግቧል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ለአጣማጅ መረጣ የከፈልሁት ሙሉ ገንዘብና የቀረው መጥለቂያ ዋጋ እንዲመለስልኝ፣ «በራሷ ፈቃድ» የሚለውም እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። ለቀጣይ ተጓዦች ደግሞ ምደባው ከጉዞው በፊት ይነገራቸው፤ ከሚጣመሩት ሰው ጋር ተነጋግረው እንዲቀበሉ ወይም እንዲያስቀይሩ ዕድል ይሰጣቸው። የሚመጥን ሰው ካልተገኘ «አልተገኘም» በሉና ከአስጎብኚው ጋር አጣምሩ፤ ይህን ብትሉኝ ኖሮ ልዩነቱን ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር።

የሞላሁትን ቅጽ፣ ደረሰኙንና የመጥለቂያ መዝገቤን ቅጂ አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። አጣማጄ ይህን ደብዳቤ አንብቦታል፤ በራሱ በኩል ያለውን ቅሬታም ለብቻው ይልክላችኋል።

ከሰላምታ ጋር
የጥሩ ጉዞ ደንበኛችሁ