ሁሉም ጥንዚዛ አያንከባልልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው በስልኬ ነው፤ ጠዋት ላሞቹ ታልበው ካለቁ በኋላ ሻይ ይዤ ቁጭ ስል። የምኖረው አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ቱዎምባ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሥራዬ የወተት ላሞች ማለብ ነው።

ባለፈው ስለ ነፍሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ትልቅ ጥቁር ጥንዚዛ ከራሷ የሚበልጥ የእበት ኳስ ስትገፋ የሚያሳይ ፎቶ ነበር። ከሥሩ የእበት ጥንዚዛ እበቱን አድቦልቡላ በኋላ እግሯ እያንከባለለች ትወስዳለች ይላል። ፎቶው ልክ ነው። እንዲህ የምታደርግ አለች። ግን የእበት ጥንዚዛ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ቅር ይለኛል። አብዛኞቹ ምንም አያንከባልሉም። እዚያው እበቱ ሥር ይቆፍራሉ። ትንንሾች ስለሆኑ ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሳቸውም።

እኔ ስለ አንዷ ልንገራችሁ። ሳይንሳዊ ስሟ ዩኦኒቲሴለስ ኢንተርሚዲየስ ነው። ስሟ ከራሷ ይረዝማል። ቁመቷ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የገብስ ፍሬ አስቡ፤ እሱን የምታህል፣ ግን ወፈር ያለች። መልኳም የገብስ ቆሎ ነው። ጥቁር አይደለችም፤ ብጫ ያጠቃው ቡናማ ሆና አንገቷ ላይ ጠቆር ያለ ነቁጥ አለባት። ወንዱ ግንባሩ ላይ አንዲት ቀንድ አለችው፤ ወደ ላይ ቆልመም ያለች፣ ጫፏ ዱልዱም። ሴቷ ቀንድ የላትም። ቀንዱ ለጌጥ አይምሰላችሁ። ወንዶቹ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በሴት ተጣልተው ግንባር ለግንባር ይገፋፋሉ። ቀንደ ረጅሙ ብዙውን ጊዜ ጉልበትም አለው።

መጀመሪያ ያየኋት ማለቢያ ማሽኑ ተበላሽቶ ጠጋኝ ስንጠብቅ ነበር። ጥር ነው፤ እዚህ ጥር የሙቀት ወቅት ነው፣ ያቃጥላል። ሥራ ከምፈታ ብዬ አጥሩ ሥር የነበረ እበት በእንጨት ገለበጥኩ። የሁለት ቀን እበት ነው። ላዩ ደርቆ ወንፊት ሆኗል። ሳነሳው ምንም አይከብድም፤ ውስጡ ባዶ፣ እፍ ብትለው የሚበን ገለባ ብቻ። መሬቱ ላይ ግን የጣት ጫፍ የማያስገቡ ቀዳዳዎች ሞልተዋል። አጠገባቸው አዲስ አፈር ቁልል ቁልል ብሏል። በማንኪያ ጫርኩት። ስንዝር ሳይሞላ ድቡልቡል እበት አገኘሁ፣ ትልቅ ሽምብራ የሚያህል። ፈረጥ ሳደርገው አንዲት ነጭ እንቁላል ውስጡ ተኝታለች። ለእያንዳንዷ እንቁላል አንድ ድቡልቡል። ትሏ ስትፈለፈል ምግቧ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል ማለት ነው። እኛስ እበት ትል ይወልዳል እንል የለ! የሚወልደውማ ሌላ ነው።

የእርባታው ባለቤት ሽማግሌ ሰው ነው። ተንበርክኬ ሲያየኝ ሳቀና «ከእናንተ አገር የመጣች ናት» አለኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነው። ማለቴ ከኢትዮጵያ ሳይሆን ከአፍሪካ፤ ለሱ አንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች በ1788 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያዎቹን ከብቶች ወደዚህ ሲያመጡ የእበቱን ነገር ያሰበ አልነበረም። የአገሩ ጥንዚዛ የለመደው የካንጋሮ በጠጥ ነው፤ ደረቅና ትንንሽ። የላም እበት እርጥብና ሰፊ ሆነበት፣ ተወው። አንድ ላም በቀን 10፣ 12 ጊዜ ትጥላለች። ያ ሁሉ እበት ሜዳ ላይ ለወራት ይደርቃል። ሥሩ ያለው ሣር ይሞታል፣ ዙሪያውን ያለውን ላሟ አትግጠውም። ዝንቡ ደግሞ በላዩ ይፈላል። እዚህ አገር ሰው ሲያወራ እጁን ፊቱ ላይ የሚያወናጭፈው ከድሮ ጀምሮ በዝንብ ምክንያት ነው።

ጆርጅ ቦርኔሚሳ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ በ1950ዎቹ መባቻ እዚህ ሲመጣ የደረቀው እበት ብዛት ገረመው። በአውሮፓ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። በኋላ ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. በሚባለው የመንግሥት የምርምር ተቋም ውስጥ ሆኖ ጥንዚዛ ከውጭ እናምጣ አለ። ፕሪቶሪያ ላይ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ። ችግሩ ከጥንዚዛዋ ጋር የከብት በሽታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እንቁላሎቹን ከድቡልቡሉ እያወጡ በፎርማሊን አጠቡና በአውሮፕላን ላኩ። እዚህ የተቀበሉት ደግሞ የአውስትራሊያ እበት በእጃቸው እያድቦለቦሉ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከተቱበት። የተማሩ ሰዎች፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው! እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ።

በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ 43 ዝርያ ተለቀቀ። የለመዱት 23 ናቸው። የኔዋ በ1971 ተለቃ ከሁሉ በላይ ከተስፋፉት አንዷ ሆነች። ዛሬ ከሰሜኑ ሞቃታማ ክፍል ጀምሮ በምሥራቅ በኩል እስከ ኒው ሳውዝ ዌልስ አለች። አሜሪካኖችም በ1970ዎቹ መጨረሻ ወስደው ቴክሳስ ላይ ለቀቋት፤ ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ ሜክሲኮ ገባች፣ መካከለኛው አሜሪካ ደረሰች። የትውልድ አገሯ ግን ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው፣ ሰፊው የግጦሽ ሜዳ። የምትበረው በቀን፣ በፀሐይ ነው። ሙቀት ትወዳለች። በሞቃት ወራት ከእንቁላል ተነስታ ጥንዚዛ ለመሆን ጥቂት ሳምንት ይበቃታል።

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እሷን እዚያ አይቼ አላውቅም። አንድም ብርዱ ነው። ሌላው ደግሞ እኛው ነን። ጎህ ሳይቀድ በረት ገብቼ ትኩሱን እበት በቅርጫት የምዝቀው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከጭድ ጋር ለውሳ በመዳፏ ጠፍጥፋ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ኩበት ነው፣ እንጀራ የሚጋገረው በሱ ነው። አውድማ የሚለቀለቀውም በእበት ነው። ለጥንዚዛ ምን ይተርፋል? ይህን ስል እናቴን መውቀሴ አይደለም። ዛፍ በሌለበት ደጋ ሌላ ምን ታነድ ነበር? ብቻ ጥንዚዛዋ አፈር ውስጥ የምትከተው ያው ማዳበሪያ መሆኑን የገባኝ እዚህ መጥቼ፣ በአርባ ዓመቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከብት ላላችሁ። እዚህ ለጊደሮቹ የጥገኛ ትል መድኃኒት ይሰጣል። ኢቨርሜክቲን የሚባለው ከእበቱ ጋር ይወጣና የጥንዚዛዋን ትሎች ይገድላል። ሽማግሌው ይህን ከሰማ ወዲህ የሚያስፈልጋትን ጊደር ለይቶ ነው እንጂ እንደ ድሮው ሁሉንም በጅምላ አይሰጥም።

እንግዲህ የምለምናችሁ፣ ሌላ ጊዜ ስለ እበት ጥንዚዛ ስትጽፉ ቆፋሪዋንም አስገቡልን። ቆላ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ አዋሽም ይሁን መተማ፣ ከብት ከዋለበት ሜዳ የሁለት ቀን እበት በእንጨት ገልብጡና ያያችሁትን ለጋዜጣው ጻፉ። ቀንዱን ልብ በሉ።

ጥንዚዛዋን ራሷን በፖስታ ልልክላችሁ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከየጉምሩኩ ጋር ጣጣ ውስጥ ከምገባ ብዬ ተውኩት። ፎቶዋን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በስተግራ ያለው ወንዱ ነው። በስተቀኝ ያለችው ሴቷ ናት። መሀል ላይ ያለችው የገብስ ቆሎ ናት፣ ከሻንጣዬ የቀረች።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከቱዎምባ፣ አውስትራሊያ